ሰው ይዘው ይምጡ

«ኧረ አይጨፍኑ እትዬ! ሰውን ሁሉ አይጨፍኑ ሲሉ ውለው እርስዎ ይጨፍናሉ?»

የካርድ ክፍሏ ልጅ ከመሣሪያው ማዶ ቆማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። ሴትየዋ አገጯን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጣ፣ ግንባሯን መደገፊያው ላይ አስጠግታ፣ አረንጓዴዋ ነጥብ ላይ አፍጥጣለች። በዚህ በኩል መቀመጥ አልለመደችም። የእሷ ቦታ ማዶ ነው። የዓይን ክሊኒኩ ፎቶ አንሺ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ «አይጨፍኑ፣ አይጨፍኑ፣ ትንሽ ብቻ፣ ጎበዝ» ስትል ስለምትውል የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «አይጨፍኑ» ይሏታል። ታውቃለች። ደስ አይላትም፤ ግን ዝም ትላለች።

«ተጫኚው በቃ! እንባዬ ሊመጣ ነው።»

ብልጭ አለ። መሣሪያው ትንሽ አጉረመረመና ሁለተኛ ሥራውን ጀመረ፤ የዓይንን ጀርባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር በንብርብር እየለየ የሚያሳየውን ማለት ነው። ይህ አዲስ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ የአንድ ሠራተኛ ዓይን ለሙከራ ይነሣል። ምስሉ ጠራ ወይስ ደበዘዘ? የሚታየው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ይጠፋል። ሙከራውን ማንም ሐኪም አንብቦት አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛው ነበር፤ ዛሬ ግን ፈቃድ ወጥቷል። ጽዳቷ ደግሞ «ነገ ምን ጉድ እንደሚያይብኝ ምን አውቄ!» ብላ መወልወያዋን ይዛ ሸሸች። ስለዚህ ዕጣው ለራሷ ለፎቶ አንሺዋ ወጣ።

«ጥርት ብሏል!» አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ፤ ልጅቷም የጀመረችውን ትታ ሮጠች።

ያንኳኩት የዕለቱ የመጀመሪያ ታካሚ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፤ ዓይናቸውን እንዲታዩ ተልከው ነው የመጡት። ኮታቸው ተተኩሷል፤ ግን የተተኮሰው በራሳቸው እጅ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ጀርባው ጭምድድ ብሎ ቀርቷል።

«ብቻዎን ነው የመጡት ጋሼ?» አለች ፎቶ አንሺዋ ወደ ካርድ ክፍሉ ብቅ ብላ።

«ብቻዬን።»

«ዓይንዎ ላይ ጠብታ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ብዥ ይልብዎታል፤ ብርሃኑም አያስወጣዎትም። ሰው ይዘው ይምጡ ተብሎ ተነግሮዎት የለም?»

«እህቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሕዝብ ጭኜ ያሻገርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ አንድ ራሴን መሻገር ያቅተኛል?»

«ደንብ ነው።»

ይህቺ «ደንብ ነው» የምትባል ቃል ከአፏ ከወጣች አለቀ፤ ወዲያ ወዲህ የለም። አንዲት እናት ጠብታ ተደርጎላቸው ብቻቸውን ሲወጡ ደረጃው ላይ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ደንቡን ራሷ ናት ያስወጣችው። ስለዚህ ክፋት የለባትም። ግን ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስትናገረው የሰው ፊት አታይም።

ሹፌሩ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጎልማሳ አስከትለው ተመለሱ።

«ይኸው ሰው! የእህቴ ልጅ ነው።»

ጎልማሳው በክሊኒኩ በር ላይ ጥቁር መነጽር የሚሸጠው ነው። ጠብታ ተደርጎላቸው ፀሐይዋን ሊሸሹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው የሚወጡትን ጠብቆ ይሸጥላቸዋል። ፎቶ አንሺዋ ሥራ ስትገባም ስትወጣም ታየዋለች። አሁንም ሸቀጡ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ምንህ ናቸው?» አለችው።

«አጎቴ።»

«በየት በኩል?»

መነጽር ሻጩ ሹፌሩን አየ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ። «በአባቴ በኩል» አለ።

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ራሳቸው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ከገቡ አይቀር ብለው ነው መሰል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው የእህቴ ልጅ ነው!» ብለው ማሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ቤት እንኳ እንደዚህ አይማልም!» አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ ሆዷን ይዛ።

ፎቶ አንሺዋ ብቻ አልሳቀችም። ዓይን ያወጣ ውሸት አትወድም። «ሌላ ቀን ሰው ይዘው ይምጡ» አለች።

«ሰው ከየት ላምጣ? ገበያ አይሸጥ» አሉ ሹፌሩ። ለቀልድ ነው የጀመሩት፤ መጨረሻው ላይ ግን ድምፃቸው ወረደ። ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ።

እሷም ወዲያው ረሳቻቸው። ሥራው ጎርፍ ነበር። ልጁ ጫማዋን አጎንብሶ ያሰረላት እናት ገባች። ሚስቱ «ቀና በል እንጂ፣ ሰው ይታዘበናል!» እያለች የምትጨቀጭቀው ሰውዬ ገባ። ሁለት እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡና የትኛዋ ታማሚ እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አስፈለገ። ፎቶ አንሺዋ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ አገጭ ማሳረፊያውን በአልኮል ትወለውላለች፤ «አይጨፍኑ» ትላለች፤ ብልጭ ታደርጋለች። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ተጠራርተው ሲወጡ እሷ እዚያው ጨለማው ክፍል ውስጥ ዳቦዋን በላች፤ ስኳር የሌለው ሻይዋን ጠጣች። ከዓመታት በፊት «ስኳርሽ ጫፉ ላይ ነው፤ ተከታተይ» ተብላ ነበር። የሻይዋን ስኳር ተወች፤ ክትትሉንም አብራ ተወችው። ሰውን «ተመርመሩ» ሲሉ የሚውሉ ሰዎች አመላቸው እንዲህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ጠራቻት። ወጣት ናት፤ ምስሎቹን ሁሉ በክፍሏ ስክሪን ላይ የምታነብ እሷ ናት።

«እትዬ፣ ይቺን ምስል እስቲ ይዩልኝ። እንዴት ጥርት ብላለች! እጅዎ ይባረክ።»

ፎቶ አንሺዋ ጎንበስ ብላ አየች። ብርቱካናማ ክብ፣ በውስጡ እንደ ዛፍ ሥር የተሰራጩ የደም ሥሮች። እንዲህ ያለ ስታይ ነው የኖረችው።

«እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም፤ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች አሉ። አሁን ደግሞ ይኼን ይዩ።» ሐኪሟ ወደ ንብርብሩ ምስል ዞረች። «ንብርብሮቹ መሃል ውሃ ቋጥሯል። ወደ እይታው መሃል ተጠግቷል፤ ግን ገና አልነካውም። ሰውየው እኮ ምንም አይታወቃቸውም! ሰንጠረዡን ያንብቡ ቢባሉ እስከ ታችኛው ፊደል ይወርዱታል። የድሮው መሣሪያ ቢሆን አምልጦን ነበር።»

«ከቆየስ?» አለች ፎቶ አንሺዋ። መልሱን ታውቀዋለች፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው።

«ከቆየ መሃሉ ይጠፋል። ዙሪያውን ያያሉ፤ ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ፊት ግን አያዩም። አሁን ከደረስንበት ስኳሩን አስተካክለን፣ መርፌ ካስፈለገም ሰጥተን እናቆመዋለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።»

«ለማን?»

«ለሹፌሩ ነዋ! ካርዱ የሳቸው አይደል?»

ፎቶ አንሺዋ ክው አለች። ሹፌሩ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ራሷ ናት የመለሰቻቸው።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም። እደውላለሁ» ብላ ወጣች።

የካርድ ክፍሏን ልጅ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ጠዋት የኔን ዓይን በየትኛው ካርድ ላይ ነው ያስቀመጥሽው?»

«በሙከራው ነዋ እትዬ። እንደ ሁል ጊዜው…» አለችና ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ውይ በሞትኩት! የመጀመሪያው ተራ የሹፌሩ ስለሆነ ካርዳቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሜ ከፍቼው ነበር፤ ሳልዘጋው… አጠፋዋለሁ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!»

«ተዪው። እኔ አጠፋዋለሁ። ለማንም አታውሪ።»

ወደ ጨለማው ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ምስሉን ከፈተች። የስንቱን ሰው ዓይን አንስታለች፤ የራሷን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። የተነሣው ቀኝ ዓይኗ ስለሆነ ግራውን በመዳፏ ሸፍና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበች። ጥርት ብሎ ይታያል። ትንሿ ጽሑፍ ሳትቀር ትታያለች። አንድ ጊዜ «ውሸት ነው» አለች በልቧ። ነጠብጣቦቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ውሃውም እዚያው።

ፈራች። በጣም ፈራች። ዓይኗ እንጀራዋ ነው፤ የእይታዋ መሃል ከጠፋ ምስል ጠራ ደበዘዘ ብላ የምትለየው በምንድን ነው? ጣቷ ማጥፊያው ላይ ሄደ። አንዴ ብትጫነው ያልቃል። ካርዱ ለሹፌሩ ባዶውን ይመለሳል፤ ሐኪሟ ከጠየቀች ተሳስተን ነው ይባላል። ታካሚ ሲያቅማማባት «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያለች የምታስፈራራው ራሷ አልነበረችም? ጣቷ እዚያው ቀረ።

በሽታው ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኮ ተነስታ ትናገር ነበር። ያሰራት ሌላ ነው። «የኔ ነው» ካለች ሐኪሟ ቀጠሮ ትሰጣታለች፤ ጠብታ ይደረጋል፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ሰው አለዎት? ይህን ጥያቄ ከመርፌው ይበልጥ ፈራችው።

ስልኳን አወጣች። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ለምትኖረው ልጇ ደወለች።

«እማ! በሥራ ሰዓት? በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። እንዲሁ ድምፅሽን ልስማ ብዬ።»

«ውይ የኔ እናት። ልጆቹን ገላ እያጠብኩ ነው፤ አንተ፣ ውሃውን አትርጭ! ማታ ልደውል?»

«እሺ የኔ ልጅ። ሳሚያቸው።»

ለወንድሟ ደወለች። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ መልሼ ልደውል?» አላት። የወንድሟ «መልሼ ልደውል» ሄዶ የቀረ ነገር ነው፤ ካለፈው በዓል ያልተመለሰ አለ። ጎረቤቷን አሰበች። በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ ሰላምታቸው ግን ደረጃው ላይ ያልቃል። እንኳን ዓይኗን እንዲያስታምማት ቁልፍ ጠፍቶባት እንኳ በሩን አንኳክታበት አታውቅም።

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው ልታይ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። ሁለት ወንበር አላት፤ አንደኛው ላይ ልብስ ይቆለልበታል። ይህን ሁሉ እስከዛሬ እንደ ብቸኝነት ቆጥራው አታውቅም፤ «ተመስገን፣ ሰላም ነኝ» ነበር የምትለው። አሁን ግን ሆዷ ባባ። ወልዳ አሳድጋ፣ ባል አስታማ ቀብራ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ዓይን ስትጠብቅ ኖራ፣ ለአንድ ከሰዓት እጇን ይዞ መንገድ የሚያሻግራት አጣች። አለቀሰች። ጨለማ ክፍል ለዚህ እንኳ ጥሩ ነው፤ ማንም አያይም።

ሲወጣላት ፊቷን ጠረገች። «ሰው ከየት ላምጣ?» ያሉት ሰውዬ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ጠዋት ስትሰማው ቀልድ ነበር። ካርዱ ላይ ስልካቸው አለ፤ ደወለች።

«ሄሎ?»

«ጋሼ፣ ከዓይን ክሊኒኩ ነው የምደውለው።»

«እ! የደንቧ እመቤት ነሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«ያንን ጉደኛ ልጅ አየሽው? የእህቴ ልጅ ሁን ብለው መጀመሪያ መነጽር ይግዙኝ አለኝ። ገዛሁት። በአባቴ በኩል ብሎ አዋረደኝ። እኔም ይኸው መነጽሬን አድርጌ ቤቴ ተቀምጫለሁ፤ ግድግዳው ጠቁሮብኛል።»

ሳቀች። ከየት እንደመጣ አላወቀችውም፤ ከእንባው ኋላ ተከትሎ ነው የወጣው። እሳቸውም መሳቋን ሲሰሙ ሳቁ።

«ነገ ይምጡ ጋሼ» አለች።

«ሰው ይዤ?»

«ሰው አለዎት። እኔ ከሥራ ስወጣ እስከ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።»

«ደንቡስ?» አሉ።

«ደንቡ ሰው ይዘው ይምጡ ነው የሚለው። እኔ ሰው አይደለሁም?»

«ነሽ እንጂ! ማን አይደለሽም አለ?»

ስልኩን ልትዘጋ ነበር። ለመጥራት የደወለችበት ጉዳይ አልቋል፤ ግን አልዘጋችውም። «ጋሼ» አለች፣ «እኔም ዓይኔን ልታይ ነው። ከነገ ወዲያ። ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሰው… ሰው የለኝም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደፈራችው አልሆነም። ማዶ ያሉት ሰውዬ አልሳቁም፤ «አይ አንቺ!» ብለውም አላዘኑላትም።

«እኔ እመጣለሁ» አሉ። «ጡረተኛ ነኝ፤ ምን ሥራ አለኝ? ብቻ ዕውር ዕውርን ሲመራ እንዳይሆንብን።»

«ቀኑ ለየብቻ ነው ጋሼ። ነገ የርስዎ፣ ከነገ ወዲያ የኔ።»

«እንግዲያው መልካም። ግን አስቀድመን እንነጋገር፤ ኋላ እንደዚያ ልጅ እንዳታዋርጂኝ። እዚያ ቤት ያለ ዘመድ አይገባም። ምንሽ ነኝ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አጎትሽ ልሁን። የእህቴ ልጅ ነሽ። አደራ፣ የእህቴ!»

«እሺ ጋሼ» አለች። ስልኩ ሲዘጋ መዳፏ ላይ ሙቀቱ ነበረ።

ሐኪሟ ጋውኗን አውልቃ ቦርሳዋን አንሥታለች። ፎቶ አንሺዋ ሳታንኳኳ ገባች።

«ያ ዓይን የሹፌሩ አይደለም» አለች። «የኔ ነው። የጠዋቱ ሙከራ ነው፤ በስህተት በሳቸው ካርድ ገብቷል። ልጅቷን አትቆጪብኝ፤ እሷ ባትሳሳት ማን ያየው ነበር? የሳቸው ዓይን ገና አልተነሣም። ነገ ይመጣሉ። የኔን ከነገ ወዲያ እዪልኝ።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችና ወንበር ሳበችላት። እጇንም ያዘቻት።

«አይዞዎት እትዬ። እውነቴን ነው፣ በጊዜ ነው የያዝነው። ነገ ደምዎን እንመረምራለን። ከነገ ወዲያ ደግሞ ጠብታ አድርጌ ሁለቱንም ዓይን በደንብ አያለሁ።» ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር አፈረች፤ ግን ደንቡ የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። «ሰው… አለዎት?»

«አጎቴ ይመጣሉ።»

«አጎት አለዎት እንዴ? አንድም ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም!»

«አሉኝ።»

የጠዋቱ ወሬ ክሊኒኩን ዞሮ አመሻሹ ላይ ሐኪሟም ጋ ደርሷል። በዚያ ጭንቀት መሃል ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ መጣባት።

«በየት በኩል?»

ውሸት የማትወደው ፎቶ አንሺ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ሐኪሟን ፊት ለፊት አየቻት።

«በእናቴ በኩል» አለች።